ከኮርቻው ወደ ሸማኔው ጉድጓድ

በ2005 ዓ.ም. ኅዳር ወር ነው። ክረምቱ ካለፈ ቆይቷል፤ የነቢያት ጾም ከገባ አራተኛ ቀኑ ነው።

የምሠራው ሐዋሳ በሚገኝ አንድ የክልል መሥሪያ ቤት ነው። መሥሪያ ቤቱ በመንግሥት ገንዘብ ለሚካሄዱ የፈጠራ ሥራዎች ድጋፍ ይሰጣል። የእኔ ድርሻ ሴቶች ከእያንዳንዱ ሥራ እኩል መጠቀማቸውን አይቶ መፈረም ነው። «አይቶ» ያልኩትን አንባቢ ይያዝልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት፣ ሐዋሳ

ልጆቹ ተኝተዋል። የሦስት ቀን ወጥ ሠርቼ፣ የታናሹን ዩኒፎርም ተኩሼ ማታውኑ ጨርሻለሁ። ትልቋ ልጄ ብቻ ነቅታ እስከ በር ሸኘችኝ።

«እማ፣ ሹራብ ያዢ። ጨንቻ ብርድ ነው ይላሉ።»

«ይዣለሁ። ወንድሞችሽ ቁርስ ሳይበሉ እንዳይወጡ።»

አማትቤ መኪናው ውስጥ ገባሁ። ሾፌሩ ጋሽ ታደሰ ናቸው፤ ጡረታ የቀረባቸው፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው።

ጉልበቴ ላይ አንድ ፋይል አለ። ጉዞው ሁሉ ስለዚህ ፋይል ስለሆነ ውስጡ ያለውን ባጭሩ ልንገር። ቆጮ የሚገኘው ከእንሰት ነው። የእንሰቱ ግንድ ልጥ በልጥ ይላቀቅና ጣውላ ላይ ተደግፎ በቀርከሃ ይፋቃል። ክንድ የሚጨርስ ሥራ ነው፤ የሚሠሩትም ሴቶች ብቻ ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት አርባ ምንጭ ያለ አንድ የሙያተኞች ቡድን በእኛ ድጋፍ የእንሰት መፋቂያ ማሽን ሠራ። እንደ ብስክሌት ኮርቻና ፔዳል አለው። ሰው ኮርቻው ላይ ተቀምጦ ፔዳሉን ሲረግጥ ጥርስ ያለው ከበሮ ይሽከረከራል፤ እንሰቱ ከበሮው ላይ ሲጠጋ ይፋቃል። ስድስት ማሽኖች ጨንቻ አጠገብ ባለ አንድ ቀበሌ ለስድስት ሴቶች ተሰጡ። ቡድኑ ሥራውን ጨርሶ ፎቶግራፍ ላከ፤ ሴቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ማሽኑ አጠገብ ቆመዋል። ያንን ፎቶ ይዤ «የሴቶች ተሳትፎ፦ ተሟልቷል» ብዬ ፈረምኩ።

አሁን ፋይሉ ውስጥ ሁለት አዲስ ወረቀቶች አሉ። አንደኛው የቡድኑ ጥያቄ ነው፤ ያንኑ ማሽን ለሌሎች ቀበሌዎችም በብዛት ልሥራ ይላል። ሁለተኛው የቀበሌው ሊቀመንበር ደብዳቤ ነው። ወይዘሮ አየለች ማዳ የተባለች ተጠቃሚ የመንግሥትን ማሽን ቆርጣ አበላሽታለች፤ ስለዚህ በሚመጣው ሰኞ ከእጇ ተወስዶ ለሌላ ይሰጣል ይላል።

ሻሸመኔ ገና አልነቃችም። ሀላባ ላይ በርበሬ በየደጁ ተሰጥቷል፤ ሽታው መስኮት ዘግተንም ይገባል። ሶዶ ላይ ጋሽ ታደሰ ጥብስ አዘዙ። እሳቸው ፕሮቴስታንት ናቸው። እኔ በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስምና መኪናው ውስጥ ሆኜ ደብዳቤውን ደግሜ አነበብኩ።

ሲመለሱ ስለ ሴትዮዋ ነገርኳቸው። የተቀመጡበትን ወንበር መታ መታ አደረጉት። ለወገባቸው ብለው ወፍራም ስፖንጅ አስፍተውበታል።

«በይ እንግዲህ እኔንም ጻፊኝ» አሉ። «የመንግሥት ወንበር ካበላሸሁ አምስት ዓመቴ ነው።»

ከሶዶ በኋላ መንገዱ እየተሠራ ስለሆነ ቀስ እያልን እንሄዳለን፤ ሙቀቱም እየጨመረ ይሄዳል። አባያ በግራ በኩል ብቅ አለ፤ ውኃው የሸክላ አፈር ይመስላል። ላንቴ ስንደርስ ሙዝ በመንገዱ ዳር ተከምሯል። ሁለት ኪሎ ገዛሁ፤ ኪሎው አራት ብር። ሰዓቱም ዘጠኝ ሆኖ ነበርና ተመስገን ብዬ የመጀመሪያውን እዚያው ላጥኩ።

ማክሰኞ፣ 11 ሰዓት ከቀትር በኋላ፣ አርባ ምንጭ

ሴቻ በሚባለው የከተማው ክፍል፣ ሁለቱም ሐይቆች የሚታዩበት ሆቴል ነው ያረፍነው። አልጋው መቶ ሃምሳ ብር፣ ንጹሕ ነው። የቡድኑ አስተባባሪ ኢንጂነር ምትኩ ሊያገኘን መጣ። ሠላሳውን ያለፈ፣ ቁጥብ ልጅ ነው፤ የተወለደው እዚያው ጨንቻ ነው። ጋሽ ታደሰ ዓሣ አዘዙ።

«ዓሣ እኮ ሥጋ አይደለም፤ ብዪ» አሉኝ።

«እርስዎ ይብሉልኝ። እኔ ሽሮ ይበቃኛል።»

«እንዲህ ከሆነ ያንቺንም ድርሻ እበላለሁ፤ ጽድቁን ለአንቺ ተውኩ።»

ምትኩ ሳቀ። እኔ ፋይሉን ከፈትኩ።

«ስታስሞክሩት ሴቶቹ ምን አሏችሁ?»

«ጥሩ ነው አሉን፣ እትዬ ጽጌ። ሁሉም።»

«የት ሆነው ነው ያሉት?»

«ቀበሌ፣ ስብሰባ ላይ። ባሎቻቸውም ነበሩ።»

«ሲፍቁበትስ አይታችኋል?»

እንደ ቀላል ነገር ነገረኝ።

«እኛ አገር ወንድ እንሰት ወደሚፋቅበት አይቀርብም። ነውር ነው። ሴቶቹ ልብሳቸውን ሰብስበው፣ እግራቸውን ዘርግተው ነው የሚሠሩት። በእንሰት ቅጠል ይከለላሉ። እኔ የእናቴን እንኳ ቀርቤ አላየሁም። ጭሩን፣ ጭሩን የሚለውን ድምፅ ነው የማውቀው።»

«ታዲያ ማሽኑን ከምን ተነሥታችሁ ሠራችሁት?»

«ከጽሑፍ። ከሥዕልም። ከዚያ ወርክሾፕ ውስጥ ራሳችን ሞከርነው።»

ፎቶዎቹን ዘረጋሁ። ሴቶቹ ቆመዋል። አንድ ፎቶ ላይ ብቻ ኮርቻው ላይ የተቀመጠ ሰው አለ። ምትኩ ራሱ ነው፤ በሱሪ። ይህን ፎቶ ከሁለት ዓመት በፊት ጠረጴዛዬ ላይ አይቼዋለሁ። ማን ቆሞ ማን እንደተቀመጠ ግን አላየሁም።

እሱ ከሴቶቹ ሥራ ዓይኑን የመለሰው በአክብሮት ነው። እኔስ? እኔን የከለከለኝ ነውር አልነበረም።

ረቡዕ፣ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ወደ ጨንቻ

መንገዱ ከላንቴ ወዲህ ወደ ግራ ይታጠፍና ሽቅብ ይወጣል። ጠመዝማዛ ነው። ምትኩም አብሮን ነው። ሙዙ ያልቅና ቀርከሃው ይጀምራል፤ ቀጥሎ ጭጋግ። ሹራቤን ለበስኩ፤ ልጄን አመሰገንኩ። ከየአጥሩ ጀርባ እንሰቱ ሰፋፊ ቅጠሉን ዘርግቶ ቆሟል። በየደጁ ባለች ዳስ ሥር ሸማኔዎች ጉድጓዳቸው አፍ ላይ ተቀምጠዋል። እግራቸው ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ መርገጫውን ይረግጣል፤ እጃቸው ከላይ መወርወሪያውን ይልካል ይቀበላል። ሁሉም ወንዶች ናቸው። ሴቱ ይፈትላል፣ ወንዱ ይሸምናል።

የቀበሌው ሊቀመንበር አቶ ሳሙኤል መንገድ ላይ ጠበቁን። ረጅም ሰው ናቸው፤ ጋቢያቸውን ደርበዋል። በቅድሚያ ወደ ራሳቸው ቤት ወሰዱን፤ ከስድስቱ ማሽኖች አንዱ የባለቤታቸው ነው።

«ይኸው» አሉ። «በክብር ነው የያዝነው።»

ማሽኑ ቤት ውስጥ፣ ጥግ ላይ፣ በላስቲክ ተሸፍኗል። አዲስ ነው። ፔዳሉ ላይ የፋብሪካው ቅባት እንዳለ ነው።

ባለቤታቸውን ወይዘሮ ማርታን እንሰት ወደሚፍቁበት እንዲወስዱኝ ጠየቅኳቸው። ወንዶቹ ደጅ ቀሩ። ከጓሮ፣ ከቅጠሉ ክልል ጀርባ ሦስት ሴቶች መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ቀሚሳቸው እስከ ጭን ተሰብስቧል። አንድ እግራቸውን አንሥተው ልጡን በተረከዛቸው ጣውላው ላይ ይዘውታል፤ በሁለት እጃቸው ይፍቃሉ። ጭሩን፣ ጭሩን።

«ማሽኑስ?» አልኳቸው።

ተያዩና ሳቁ። ወይዘሮ ማርታ ተነሥተው በሌለ ፈረስ ላይ እንደሚወጣ ሰው እግራቸውን አነሡና ቀሚሳቸውን ይዘው ቆሙ። ኮርቻው ላይ የወጣች ሴት ቀሚሷ ተሰብስቦ ከቅጠሉ ክልል በላይ ትታያለች፤ ሌላ ማስረጃ አላስፈለገኝም።

«ለምን አልነገራችኋቸውም?»

«ስጦታ ነው፣ እቴ። የሰው ስጦታ ፊት ለፊት አይናቅም። ደግሞ ባሌ ሊቀመንበር ነው። እሱ አጨብጭቦ እኔ ምን ልበል?»

ሌሎች አራት ቤቶች ሄድን። አንዱ ማሽን ላይ ልብስ ተሰጥቷል። ሦስቱ በላስቲክ ተሸፍነዋል። ሁሉም ንጹሕ ናቸው። አቶ ሳሙኤል በየቤቱ «አንድ ጭረት የለውም» ይላሉ።

ረቡዕ፣ 8 ሰዓት ከቀትር በኋላ፣ ወይዘሮ አየለች ቤት

ስድስተኛው ቤት ከዳገቱ ጫፍ ነው። ወይዘሮ አየለች ጠይም፣ ቀጭን ሴት ናቸው። ባላቸው ሸማኔ ነበር፤ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆነው። ሦስት ልጆች አሏቸው። አማርኛውን የተማሩት አርባ ምንጭ ገበያ ቆጮ ሲሸጡ ነው። ሰላምታ ሲሰጡኝ ግራ እጃቸውን ነው የዘረጉት። ቀኝ ክንዳቸው ወድቀው ከተጎዱ ወዲህ አይነሣም።

«አጥፍቻለሁ አሉ፣ እህቴ» አሉኝ፤ ሌላ ነገር ሳያስቀድሙ። «ኑ፣ እዩት።»

ከቤቱ ጎን ዳስ አለ። ዳሱ ሥር የባላቸው የሸማኔ ጉድጓድ። ማሽኑ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተጋድሟል። አራት እግሮቹ ተቆርጠዋል። ኮርቻው የለም። ፔዳሎቹ ጉድጓዱ ውስጥ ገብተዋል፤ ከበሮው ከመሬት ብዙም ከፍ አይልም።

ወይዘሮ አየለች ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጡ። እግራቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ፤ ቀሚሳቸው ጉልበታቸውን እንደሸፈነ ነው። መርገጥ ጀመሩ። ከበሮው ዞረ። በግራ እጃቸው የእንሰቱን ልጥ አስጠጉለት። ነጩ ፍቅፋቂ ፊት ለፊት ወደተነጠፈው ቅጠል ወረደ፤ እጃቸው ላይ ቃጫው ብቻ ቀረ።

«ማን ቆረጠልዎት?»

«ጨንቻ ብረት ሠሪ አለ። በአህያ ጭኜ ሄድኩ። 'እዚህ ቁረጥ፣ እዚህ ቁረጥ' አልኩት። 'እብድ ነሽ' አለኝ፤ ቆረጠ።»

«ሐሳቡ ከየት መጣ?»

«ባሌ ሃያ ዓመት እዚህ ሲረግጥ አይቻለሁ። እጁ አይደክምም ነበር፤ እግሩ ነው የሚሠራው። እኔ እጅ የለኝም፣ እግር አለኝ። ድሮ ጎረቤቶቼ በደቦ ይፍቁልኝ ነበር። ደቦ ይመለሳል። እኔ በምን ልመልስ? ይሄ ከመጣ ወዲህ የራሴን ራሴ እፍቃለሁ። የሌላም እፍቃለሁ።»

ወንዶቹ ከአጥሩ ውጭ ቆመዋል። እንሰት ይፋቃልና አልቀረቡም። ወይዘሮ አየለች ቀና ብለው ምትኩን አዩት።

«አንተ ነህ የሠራኸው?»

«እኔ ነኝ፣ እናቴ። ከጓደኞቼ ጋር።»

«ታዲያ ምን ቆመሃል? ና ግባ።»

«እንሰት እየፋቁ ነው...»

«ይሄ የሸማኔ ጉድጓድ ነው። ወንድ ሁልጊዜ ይመጣበት ነበር፤ ባሌ ጋር ቁጭ ብሎ ይጫወት ነበር። ና።»

ምትኩ አቶ ሳሙኤልን አየ፤ እኔን አየ። ገባ። ጉድጓዱ አጠገብ ቁጢጥ አለ። ሴት እንሰት ስትፍቅ በቅርብ ሲያይ የመጀመሪያው ነው። ለረጅም ጊዜ እግራቸውን፣ ከዚያ እጃቸውን፣ ከዚያ ከበሮውን አየ። በመጨረሻ «ጥርሱ በዝቷል፤ ቃጫውን ይበጥሳል» አለ።

«እሱን ስነግር ማን ሰማኝ!» አሉ ወይዘሮ አየለች።

አቶ ሳሙኤልም አጥሩን አለፉ፤ ግን ተቆጥተዋል።

«ወይዘሮ ጽጌ፣ እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። ንብረቱን የፈረምኩት እኔ ነኝ። ተቆርጦ ቢገኝ የሚጠየቀው ማነው? ደግሞ ሴት በሸማኔ ጉድጓድ ተቀምጣ የት ታይቷል? ሽማግሌዎችስ ምን ይላሉ?»

«ሽማግሌዎቹ ቆጮውን በልተዋል» አሉ ወይዘሮ አየለች፤ መርገጡን ሳያቆሙ። «መስቀል ለት ነው የበሉት። 'የማን ነው፣ ጥሩ ነው' አሉ። አንተም አብረህ በልተሃል።»

ጋሽ ታደሰ ሳቃቸውን ሊደብቁ ወደ መኪናው ዞሩ። አቶ ሳሙኤል ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«ኮርቻውስ የት ደረሰ?» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

«ዶሮዋ ታድርበታለች።»

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቆጮ በዳጣ ቀረበልን። ዳጣው እንባ ያስወጣል። ጾም መያዜን ሳልናገር ነው ያወቁት፤ እሳቸውም ይዘዋል። አብረን አማተብን፤ አብረን በላን። ከስድስቱ ማሽኖች ቆጮ ያበላኝ ይህ የተበላሸው ብቻ ነው።

ስወጣ አጥሩ ድረስ ተከተሉኝ።

«ሰኞ ይወስዱታል ወይ?»

በእጄ ያልያዝኩትን ቃል መስጠት አልወድም። ወሳኙ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ነው፤ እኔ የማቀርበው ሐሳብ ብቻ ነው።

«አላውቅም፣ ወይዘሮ አየለች። ያየሁትን እጽፋለሁ።»

«ጻፊ» አሉኝ። «እግዚአብሔር ይርዳሽ።» በግራ እጃቸው ትንሽ ቆጮ በቅጠል ጠቅልለው ሰጡኝ፤ ለልጆቼ።

ሐሙስ፣ ጠዋት 1 ሰዓት፣ አርባ ምንጭ

ምትኩ ከመነሣታችን በፊት ሆቴሉ ደረሰ። ዓይኑ ቀልቷል። ማመልከቻውን አዲስ አድርጎ ጽፎታል፤ የወይዘሮ አየለችን ጉድጓድ ሥዕል አያይዟል። ጉድጓድ ለሌላቸውም መቆፈር ቀላል ነው ይላል። «የማሻሻያው ባለቤት» በሚለው ላይ የቡድኑ ሦስት ስሞች ተጽፈዋል። ሦስቱም የወንድ ናቸው።

ጣቴን መስመሩ ላይ አኖርኩ።

«አስቤበት ነበር፣ እትዬ ጽጌ። ግን ፎርሙ የትምህርት ደረጃ ይጠይቃል። እሳቸው የላቸውም። ባዶ ከሆነ ደግሞ አይቀበሉትም።»

«ባዶ አይሁን። ዕድሜያቸውን ሁሉ እንሰት ፍቀዋል ብለህ ጻፍ። ያንተን ዲግሪ ከሥር አድርግ።»

ጥቂት አሰበ። ከዚያ ወረቀቱን መኪናው ኮፈን ላይ ዘርግቶ ሦስቱን ስሞች ሰረዘና ከላይ «አየለች ማዳ» ብሎ ጻፈ። የእነሱን ስም ከሥር መለሰ።

«እናቴን ደውዬ ጠየቅኋት» አለኝ እስክሪብቶውን እየከደነ። «የሙከራውን ማሽን ለእሷ ወስጄላት ነበር። ምን እንዳደረገችበት ጠይቄ አላውቅም። 'ሸፍኜልሃለሁ፣ ልጄ፤ እንዳይዝግ' አለችኝ።»

መንገዱ እንደ አመጣጣችን ነው። ሀላባን ካለፍን በኋላ ጋሽ ታደሰ «ምን ልትጽፊ ነው?» አሉኝ።

«ከራሴ ልጀምር ነው።»

ሐዋሳ ስንደርስ መሽቷል፤ የኅዳር ጽዮን ዋዜማ። ልጆቼ ደኅና ናቸው፤ ተመስገን። ቆጮውን ተካፈሉት። ታናሹ ኮመጠጠኝ አለ፤ ግን ጨረሰው።

አርብ፣ ጠዋት

ቅዳሴ አስቀደስኩ። እመቤቴን ስለ መንገዱ አመሰገንኩ፤ የወይዘሮ አየለችን ስም ጠርቼ ለመንኩ። ከዚያ በቀጥታ ቢሮ ገባሁ።

የሁለት ዓመቱን ወረቀት አወጣሁ። «ተሟልቷል» በሚለው ላይ ሰረዝ አድርጌ ከጎኑ «ቦታው ድረስ ሄጄ አላየሁም ነበር» ብዬ ጻፍኩ። ቀኑን አኖርኩ፤ ፈረምኩ። ቀጥዬ ሁለት ገጽ ሐሳብ ጻፍኩ፤ ማሽኑ ከወይዘሮ አየለች እጅ እንዳይወሰድ፣ አዲሱ ሥራ በእሳቸው ማሻሻያ እንዲሆን፣ ከእንግዲህም የሴቶች የሆነ መሣሪያ ሁሉ ሴቶቹ በሚሠሩበት ቦታ፣ ሴት ባለችበት ቡድን እንዲታይ። ሁሉንም ይዤ ኃላፊው ዘንድ ገባሁ።

አነበበና መነጽሩን አወለቀ።

«ወይዘሮ ጽጌ፣ ይህችን የራስሽን ነገር ማውጣት ይቻላል እኮ። ሊያስጠይቅሽ ይችላል።»

«እሷ ከወጣች ቀሪውን ማን ያምነኛል?»

ፈረመ። እግዚአብሔር ይስጠው።

ደብዳቤው በፖስታ እስኪደርስ ሰኞ ያልፋልና ለአቶ ሳሙኤል ደወልኩ። ኔትወርኩ ሁለት ጊዜ ተቋረጠ። በሦስተኛው ውሳኔውን አነበብኩላቸው።

«ሰምቻለሁ» አሉ። «አልወስድም። አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎ። ባለቤቴ ከትናንት ጀምሮ መጋዝ አምጣ እያለችኝ ነው። ጓሮ ጉድጓድ አስጀምራለች። የፈረምኩት ንብረት ነው፤ ምን ልበላት?»

«የት የት እንደሚቆረጥ ወይዘሮ አየለችን ትጠይቅ» አልኳቸው።